ክላክሱ የጮኸበት ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ዘግይቻለሁ። ስለት ነው፤ ስለት ደግሞ እንዲህ አይዘገይም። ያዘገየኝ እፍረት ነው። እኔን፣ ባለቤቴንና ልጄን ሞት አፋፍ ያደረሰንን ነገር አንስቼ ወደ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። እሱን ደብቄ መዳናችንን ብቻ ብናገር ግን ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ሁሉንም እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

የምንኖረው መሀል አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው። የቅዳሴው ድምፅ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ባለቤቴ መኪና ነፍሱ ነው። አንድ አሮጌ አባዱላ ገዝቶ ሰባት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁዱን እሷ ላይ ፈጀ። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ በጣውላ አልጋ ሠራ። ከአልጋው ሥር መሳቢያ፣ ከጎኑ ትንሽ መደርደሪያ፣ መስኮቶቹ ላይ መጋረጃ። ስፖንጁን መርካቶ በልክ አስቆረጥነው። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ቤት ያለው መኪና ይዘው ከፓርክ ፓርክ እየዞሩ ሲያድሩ በስልኩ እያየ ነው ይህን ሁሉ የለመደው። "እኛም የሆቴል ሳንከፍል አገራችንን እናያለን" ይለኝ ነበር። ደስታው እኔንም ተጋባብኝ።

መጀመሪያ ያሰብነው አዋሽ ፓርክ ነበር። ሳላውን፣ ፏፏቴውን፣ ዘንባባ ሥር የሚፈልቀውን ፍልውሃ፣ መተሐራ ጋ መንገድ ዳር የተንጣለለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለማሙሽ ልናሳየው። ማሙሽ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ግን 2017 እንዴት እንደገባ ታስታውሳላችሁ። መስከረም 26 ቀን ማታ እዚያው አዋሽ ፓርክ ጋ፣ ፈንታሌ ተራራ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ እዚህ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ። 4.9 ነው የተባለው። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምፖሉ ሲወዛወዝ አየሁና ልጄን አቅፌ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። ከዚያም በኋላ መሬቱ አላረፈም። ፈንታሌ ደግሞ ራሱ እሳተ ገሞራ ነው። እዚያ ሥር ልጄን ይዤ አላድርም አልኩ። ባለቤቴም አልተከራከረኝም።

ወንጪን መረጥን። ወንጪም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፣ ግን የጥንት፣ የበረደ። የተራራው አናት ወደ ውስጥ ሰምጦ ጎድጓዳው ሐይቅ ሆኗል። ሐይቁ መሀል ደሴት አለ፤ ደሴቷ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። የማን መሰላችሁ? የቂርቆስ። ከቂርቆስ ተነስተን ቂርቆስ ልናድር ነው ብለን ተሳሳቅን።

የሄድነው ኅዳር 14 ቀን ቅዳሜ ነው። በማግስቱ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ቅበላችንን እዚያ እናድርገው ብለን። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ሐሙስ ኅዳር 12 ነበር። እንደ ልማዳችን ሰፈሩ ተጠርጎ ቆሻሻው ተቃጠለ። "ኅዳር ሲታጠን" ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ የወረስነው ነው ይላሉ ትልልቆቹ። ጭሱ መስኮት አልፎ ገባና ማሙሽ ሌሊቱን ሲያስል አደረ። ንጹሕ አየር ያግኝልኝ አልኩ። ጭስ ሽሽት ነው የሄድኩት።

በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ አድርገን ወሊሶ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወደ ደጋው ወጣን። ከቱሉ ቦሎ በኋላ የመኪናው ክላክስ ሞተ። ባለቤቴ ቢጫነው፣ ቢደበድበው ድምፅ የለም። ከብት በመጣ ቁጥር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮሃል፤ ማሙሽም አብሮት ይጮሃል። ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። ያዙልኝ።

ወንጪን ያላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? መንገዱ እንሰትና ገብስ መሀል ይሄድ ይሄድና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከእግርህ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሰማያዊ ውሃ። በ2014 የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ የመረጠው ያለ ነገር አይደለም። ማሙሽ ፈረስ ጋለበ። የወንጪ ማር ገዛን። የአካባቢው ልጆች ለጥ ያለ ሜዳ አሳዩንና መኪናችንን አቆምን። ለሌሊቱ ጥበቃ አንድ አባት አገናኙን። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ረጅም ዱላ ይዘው መጡ። እኛ "ኦቦ" ነው ያልናቸው፣ እሳቸውም እኔን "ልጄ" አሉኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ መጣ። ከፍታው ከባሕር ጠለል 3 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። የኅዳር ውርጭ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ውጭ ከሰል አያይዘን ጥብስ ጠበስን፣ ቡና አፈላሁ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ማሙሽ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መኪና ውስጥ አስገባነው። ውስጡም ያው በረዶ ነው። ባለቤቴ ብርድ እንዳይገባ የመስኮቶቹን ጠርዝ በስፖንጅና በፕላስተር ደፍኖት ነበር። ጎበዝ ነው፣ ቀዳዳ አልተወም።

ያን ጊዜ ነው ምድጃውን ያነሳሁት።

ከሰሉ ጭስ የለውም። ነበልባል የለውም። ከላይ ስስ ነጭ አመድ ለብሶ ሥሩ ቀይ ነው። ቡና የሚያፈላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ በጣም ቆንጆው ፍም ማለት ነው። እናቴ ቤት ክረምት ክረምት በሱ ስንሞቅ ነው ያደግነው። እናቴ ቤት ግን በሩ ሥር ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው። ይህን ያሰብኩት ኋላ ነው። "ትንሽ ያሙቀንና አወጣዋለሁ" አልኩ። ባለቤቴ በሩን ሳበው፣ ቀረቀረው። ሙቀቱ ደስ ሲል! ማሙሽ ደረቴ ላይ ተኛ። እኔም ማሙሽን እያየሁ...

የቀሰቀሰኝ ልጄ ነው። ክንዴ ላይ አስመለሰ። "እማዬ፣ ራሴን" አለ። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ነው። የእኔም ጭንቅላት ለሁለት የተሰነጠቀ ነው የሚመስለው። የበላነው ነው ብዬ አሰብኩ። ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዘኝም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያስፈራኛል፤ እግሬ አለ፣ ግን የእኔ አይደለም። ባለቤቴን ነቀነቅሁት። አንድ ቃል አጉረመረመና መልሶ ተኛ። ጨለማው ውስጥ የምድጃዋ ቀይ ነጥብ ታየችኝ። ያኔ ገባኝ። ለካ ሰው በከሰል ታፍኖ ሞተ ሲሉ የምንሰማው ይህ ነው!

በሩ በእግሬ በኩል ነው፤ ልደርስበት አልቻልኩም። የፊት ወንበሮቹ በራሴ በኩል ናቸው። በክርኔ ተሳብኩ። ሁለቱ ወንበሮች መሀል ገባሁ። የሹፌሩን በር እጀታ ነካሁት፣ ጣቶቼ ግን አልጨበጡም። ልጩህ ስል ድምፅ የለኝም።

በውስጤ ነው የጮኽኩት። ያልኩት ይህ ነው፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ "ቂርቆስ ሆይ፣ አንተ ከእናትህ ከኢየሉጣ ጋር ከፈላው ጋን ወጥተሃል። ገብርኤል ያቀዘቀዘልህን እሳት ለእኔም ልጅ አቀዝቅዝለት። በደጅህ ነው ያለሁት።" ሦስት ነገር ተሳልኩ። ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ያደረገልኝን በሰው ፊት መናገር። ከዚያ ዓይኔ ጨለመና ግንባሬ መሪው ላይ ወደቀ።

ክላክሱ ጮኸ።

ከቱሉ ቦሎ ጀምሮ የሞተው ክላክስ። ሳያቋርጥ ጮኸ። እኔ ግንባሬን ማንሳት አልቻልኩም፣ እሱም ዝም አላለም። ያ ገደል ጩኸቱን መልሶ ሲያስተጋባ ሰማሁ፤ ወይም የሰማሁ መሰለኝ።

ኦቦ ከሜዳው ዳር ያለችው ጎጆ ውስጥ ነበሩ። ሌባ የመጣብን መስሏቸው ዱላቸውን ይዘው ሮጡ። "ማል ታኤ? ማል ታኤ?" ሲሉ ይሰማኛል፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በዱላቸው የሹፌሩን መስኮት ሰበሩት። መስታወቱ አንገቴና ጭኔ ላይ ረገፈ። ከዚያ ያ ብርድ ገባ። ስሸሸው የነበረው ብርድ። ፊቴ ላይ ሲያርፍ እንደ ጠበል ነው የሆነልኝ።

ማሙሽን አወጡት፣ ከዚያ እኔን። ባለቤቴን ሁለት ወጣቶች ጠርተው እየጎተቱ አወጡት። ሳር ላይ አስተኙን። ማሙሽ በኦቦ ጋቢ ተጠቅልሎ ሲያለቅስ ሰማሁት። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ልቅሶ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እንግዳ ይዞ የመጣ አንድ ሹፌር ከእንቅልፉ ተነስቶ በዚያ ሌሊት ወሊሶ አደረሰን። ቁርስ ላብላህ ብለው እንኳ እምቢ ብሎኝ ሄደ። እግዚአብሔር ባለበት ይባርከው።

ኦክስጅን ተደረገልን። የነቢያት ጾም የመጀመሪያ ቀን በአፍንጫችን ቱቦ ይዘን ነው የነጋው። ቀኑ ኅዳር 15 ነው። 15 የማን ቀን እንደሆነ ያወቀ ያውቃል፤ የቂርቆስ ነው። ሐኪሙ ረጋ ያለ ወጣት ነው፣ አልተቆጣኝም። ይልቅ አስረዳኝ። ከሰል በተዘጋ ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ጉልበት መክዳት ነው። ሕፃናት ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ፤ ማሙሽ ቀድሞን የነቃው ለዚህ ነው። "ሲያጨስ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሲያስላችሁ ትነቁ ነበር" አለኝ። ከከተማ የሐሙሱን ጭስ ሸሽቼ፣ ጭስ የሌለውን አቅፌ ተኛሁ ማለት ነው። ፈንታሌን ፈርቼ እሳቱን በምድጃ ይዤ ገባሁ።

እባካችሁ እህቶቼ፣ መብራት በጠፋ ምሽት፣ ክረምት ላይ፣ አራስ ቤት፣ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ ያን ፍም ክፍል ውስጥ ትታችሁ አትተኙ። ዕጣን የሚጨስበትንም ቢሆን። መኪና ውስጥ የምታድሩ ደግሞ ከሰልም ቡታጋዝም ለሙቀት አታስገቡ፣ ሞተር አስነስታችሁም አትተኙ። ብርድ ልብስ ጨምሩ። መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ብርድ ያማል እንጂ እንዲህ አይገድልም።

ስለ ክላክሱ የምነግራችሁ አለኝ። በሳምንቱ ባለቤቴ አባዱላዋን ሶማሌ ተራ ወሰዳት። ከዚያ ሌሊት በኋላ ክላክሱ አንዴም አልጮኸም። መካኒኩ መሪውን ፈታው። አንዷ ሽቦ ከቦታዋ ተነቅላ በአንድ ክር ብቻ ተንጠልጥላለች። "ይቺ አንዳንዴ ትነካለች፣ አንዳንዴ አትነካም" አለ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ "አየሽ፣ ሽቦ ነው" አለኝ። ሽቦ መሆኑን እኔም አይቻለሁ። ባለቤቴ ግማሽ ቀን ሲደበድባት ያልነካችው ሽቦ፣ እኔ "በደጅህ ነው ያለሁት" ስል ነካች። ማን አስነካት? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሌ ያስለቅሰኛል። በገድሉ እንደምንሰማው ኢየሉጣ እሳቱን አይታ ፈርታ ነበር። ያበረታታት የሦስት ዓመቱ ሕፃን ልጇ ነው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ሐምሌ 19 በመጣ ቁጥር። ልጅ እናቱን እንዴት ያድናል እል ነበር በልቤ። ማሙሽ ክንዴ ላይ ባያስመልስ ኖሮ ሦስታችንም አንነቃም ነበር።

ጥር 15 ወንጪ ተመለስን። በዚህ ጊዜ መኪናው ውስጥ ምድጃ የለም፣ መስኮቶቹም ፕላስተር የላቸውም። ኦቦን ይዘን በጀልባ ወደ ደሴቷ ተሻገርን። አዲስ ጋቢ ገዝተንላቸው ነበር፤ ለበሱት፣ አሮጌውን ግን እጠፊልኝ ብለው ይዘው ሄዱ። ማሙሽ ጧፉን ይዞ ነፋስ እንዳያጠፋበት በመዳፉ እየከለለ ገባ። ጃንጥላውን አባቱ አስገባ።

ሁለቱ የዚያን ቀን ደረሱ። ሦስተኛው ይኸው።