ተፈወስኩ ያለ ሰው ራሱን ለማን ያሳይ?

ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ባነጻበት ዕለት ያዘዛቸው አጭር ነገር ነው፦ «ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» (ሉቃ. 17፥14)። ካህኑ ደግሞ አንዴ አይቶ አይለቅም። በዘሌዋውያን 13 ሥርዓት መሠረት ምልክቱ ከቆዳው በታች ጠልቆ እንደሆነ፣ በላዩ ያለው ጠጉር ነጥቶ እንደሆነ ይመለከታል። ካጠራጠረው ሰውየውን ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፤ እንደገና ያየዋል፤ ሰባት ቀን ይጨምርበታል። ነጽቷል ከተባለ በኋላም ምዕራፍ 14 ልብሱን እንዲያጥብ፣ ጠጉሩን እንዲላጭ፣ ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ እንዲቀመጥና በስምንተኛው ቀን መሥዋዕቱን እንዲያቀርብ ያዝዛል። ፈውሱን የሰጠው ራሱ ጌታ ነው የተፈወሱትን ለምርመራ የላካቸው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ «ማስረጃው የታለ?» ብሎ የጠየቀ ክርስቲያን እምነት እንደጎደለው ሲቆጠር የማዝነው ለዚህ ነው።

እግዚአብሔር ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ። ይህን የምጽፈውም ጸበል ለሚሄዱትም፣ የፈውስ ኮንፈረንስ ለሚገቡትም ወገኖቼ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ምስክርነት ከመሰጠቱና መድኃኒት ከመቆሙ በፊት የተፈወሰው ሰው ቀድሞ ላከመው ሐኪም ራሱን ያሳይ።

ዓይን ብቻውን ምን ያህል እንደሚሳሳት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ በስተሰሜን ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሥጋ ደዌን በማከም ለአሥርተ ዓመታት የታወቀ ነው። የሥጋ ደዌ ምርመራ ዓይን የማያየውን ይፈልጋል። ሐኪሙ ቀለሙን የለወጠውን ቆዳ በጥጥ ጫፍ ነካ ያደርጋል፤ በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ የተነካበትን በጣቱ እንዲያሳይ ይጠየቃል። በክርንና በጉልበት አካባቢ ያሉት ነርቮች አብጠው እንደሆነ ይዳሰሳሉ፤ ሲያስፈልግ ከጆሮ ጫፍ ናሙና ይወሰዳል። መድኃኒቱ እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ነው። ጨርሶ የወሰደ ሰው ከባክቴሪያው ነጻ ነው፤ የታጠፈ ጣቱ ግን ላይዘረጋ፣ የደነዘዘው ቆዳ ስሜቱ ላይመለስ ይችላል። እሱ ድኖ ሳለ ጎረቤቱ አልዳነም ይለዋል። ምልክቱ ስለደበዘዘ ብቻ መድኃኒቱን የተወው ደግሞ ነርቩ ውስጥ ለውስጥ እየተጎዳ ዳነ ይባላል።

ቲቢም እንዲሁ ያታልላል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት። ትኩሳቱና የሌሊት ላቡ የሚለቁት፣ የምግብ ፍላጎት የሚመለሰው ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ሱባኤ የገባ ሰው ፊቱ ወዝ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሲመሰክር አይዋሽም፤ የሚሰማውን ነው የሚናገረው። በሳንባው የተረፈው ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ያንሰራራል፤ ከዚያም አልፎ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከምበት ማዕከልም እዚያው ቦሩ ሜዳ አለ። በዚህ መሀል ሰውየው ጸበል ቦታ በአንድ ጠባብ ቤት ከብዙ ሰው ጋር ያደረ እንደሆነ ጉዳዩ የእሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ኤች አይ ቪ ላይ ስህተቱ የሚመጣው ከወረቀት ነው። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለ የቫይረስ መጠን) ውጤቱ «ቫይረሱ አልታየም» ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከደም ውስጥ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች አወረደው ማለት ነው። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ይህን ወረቀት መድረክ ላይ ከፍ አድርጎ «ነጻ ሆንኩ» የሚል ሰው የያዘው የመድኃኒቱን ውጤት ነው። ሌላም አለ፦ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ታሪኩን ደብቆ ሌላ ጤና ጣቢያ እንደ አዲስ በፈጣኑ የጣት ደም ምርመራ ቢመረመር አንዳንዴ «ኔጌቲቭ» ሊወጣ ይችላል። ያ ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው፤ መድኃኒት ላይ በቆየ ሰው አንቲቦዲው ሊቀንስ ይችላል። እንዲህ ያለ ዳግም ምርመራ የማይመከረውም ለዚህ ነው።

እስካሁን ባነሳኋቸው በሽታዎች ስህተቱ ጉዳቱን የሚያሳየው ቀስ ብሎ ነው። በስኳርና በሚጥል በሽታ ግን ጊዜ የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ በኢንሱሊን የሚኖር ታማሚ መርፌውን ሙሉ በሙሉ ካቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ምልክቶቹ ውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ትውከት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ በመጨረሻም መዘባረቅ ናቸው። ጸበል ቦታ ላይ ትውከት ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ሁላችንም እናውቃለን፤ «መተቱ ወጣለት» ይባላል። መዘባረቁ ደግሞ «ለፈለፈ» ይባላል። ኢንሱሊን በማጣት ደሙ ውስጥ አሲድ የበዛበት ልጅ በዓይናችን ፊት እየሞተ ቤተ ሰቡ እልል ሊል ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው በጸበል ሲያስመልሰው መጀመሪያ ስኳሩ ይለካ። ከፍ ብሎ ከተገኘ ወይም መለኪያ ከሌለ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ፌኖባርቢታል፣ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አደገኛ ነው። በሚጠመቅበት ጊዜ የጣለውን ሰው ፊቱ ላይ ውሃ ማፍሰስ፣ በአፉ ጸበል ወይም ማንኪያ መጨመር፣ ክብሪት ማሸተት ሁሉም ይጎዱታል። ከውሃው አውጡት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ነጠላ አድርጉለት፣ ሰዓት ያዙ።

የአእምሮ ሕመም ላይ የሚያሳስተው ነገር ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነው። እነዚያ መድኃኒቶች እንቅልፍ ያበዛሉ፣ ሰውነት ያገታትራሉ፣ ምራቅ ያዝረከርካሉ። መድኃኒቱ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ጎን ለጎን የመጣ ችግር ነው። ሰውየው ነቃ ይላል፣ ፊቱ ይፈታል፣ ይስቃል። በየወሩ መርፌ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው መርፌ ገና በሰውነቱ ውስጥ እየሠራ ነው። ሕመሙ የሚያገረሸው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ምስክርነቱ ተሰጥቷል፣ ቪዲዮው ተሰራጭቷል፣ ሰውየው «መንፈሱ ሰባት ሆኖ ተመለሰበት» ተብሎ ይታሰራል። የአእምሮ ሕመም ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይሞላ ተፈወሰ ባይባል እመርጣለሁ።

ወደ መድረኩ እንምጣ። አጭር እግር ሲረዝም የሚታይበት «ተአምር» የሚሠራው በጫማ ነው። ሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የሚጸልይለት ሰው ሁለቱን ተረከዝ በእጁ ይዞ ያነሳል፤ አንዱን ጫማ ከተረከዙ ትንሽ ሳብ ሲያደርገው፣ ወይም ዳሌው ወደ ጎን ዘወር ሲል፣ አንዱ እግር የረዘመ ይመስላል። ጫማውን መልሶ ሲገፋው እኩል ይሆናሉ። ትክክለኛው መለኪያ ጫማ አስወልቆ፣ በጀርባ አስተኝቶ፣ ከዳሌው የፊት አጥንት እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በሜትር መለካት ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ጤነኛ ሰው ላይም አለ። ከዊልቸር የተነሳውን «ትናንት ከቤትህ እስከ ታክሲው እንዴት መጣህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዊልቸር ከሚጠቀሙት ብዙዎቹ ጥቂት እርምጃ መራመድ ይችላሉ። የጆሮ ፈውስ የሚፈተነው ከኋላ ቆሞ በሹክሹክታ ነው፤ ፊት ለፊት ከሆነ ከንፈር ያነባል። ዓይን ደግሞ አንዱን ሸፍኖ፣ ጣት በማስቆጠር፣ ከስንት ሜትር እንደሚያይ በመመዝገብ። ማየት የተሳናቸው ከሚባሉት ብዙዎቹ ከመጸለዩ በፊትም ብርሃንና የሚንቀሳቀስ ነገር ይለያሉ።

ስምና ሕመም ጠርቶ መናገርም በራሱ ማስረጃ አይሆንም። በአሜሪካ ፒተር ፖፖፍ የሚባለው ሰባኪ የማያውቃቸውን ሰዎች ስም፣ አድራሻና በሽታ ይናገር ነበር። በ1986 እንደ ፈረንጆቹ ጄምስ ራንዲ የሚባል፣ የአስማት ትርኢት አቅራቢና የአጭበርባሪዎች አጋላጭ፣ ከረዳቶቹ ጋር የራዲዮ መጥለፊያ ይዞ ገብቶ በ39.17 ሜጋኸርዝ ላይ የፖፖፍ ሚስት ድምፅ ያዘ፤ ሰዎቹ አስቀድመው ከሞሉት የጸሎት ካርድ እያነበበች በባሏ ጆሮ ውስጥ ወዳለው ትንሽ መቀበያ ታስተላልፍ ነበር። በር ላይ ስም፣ ስልክና የሕመም ዓይነት የሚያስሞላ ፕሮግራም ስትገቡ ይህን አስቡ።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ስትመረምር ምን እንደምታደርግ ለማየት ሉርድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በፈረንሳይ ያለው ይህ የካቶሊኮች የጸበል ስፍራ እንደ ፈረንጆቹ ከ1883 ጀምሮ ተፈወስኩ የሚሉትን የሚመረምር የሐኪሞች ቢሮ አለው። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ በሽታው ከባድና በምርመራ የታወቀ ነበር? በራሱ ሊድን በሚችልበት ደረጃ ላይ አልነበረም? ፈውሱ ድንገተኛ፣ ሙሉና ዘላቂ ነው? የተወሰደ መድኃኒት ሊያስረዳው አይችልም? ለዚህ ቢሮ ከ7,000 በላይ ፈውሶች ተነግረዋል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተአምር ብላ የተቀበለችው 70 ገደማ ነው። ብዙ ዓመት የሚፈጅ ጥንቃቄ ነው፤ ለእኔ ከብዙ ጩኸት ይልቅ ይህ እግዚአብሔርን ያከብራል።

ጸበልና መድኃኒት ይጋጫሉ የሚለውን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በይፋ መልሰውታል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጸበሉ ጋር ይውሰዱ ብለዋል። በመጽሐፈ ሲራክ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ሲራክን ለማይቀበሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኢሳይያስ ሕዝቅያስ እንደሚድን ቃል ከተቀበለ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ አስደርጎለታል (2 ነገ. 20፥7)።

ስለዚህ ሱባኤ የሚገባ ታማሚ ከመሄዱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የሚቆይበትን ቀን የሚሸፍን መድኃኒት ይያዝ፤ ክኒኑን በጸበሉ ይዋጥ። ስኳር ያለበት እስከ ስንት ሰዓት መጾም እንደሚችል ይጠይቅ፤ ንስሐ አባቱም ይፍቱት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጎህ ሳይቀድ የሚጠመቅ አስም ያለበት ወይም ሽማግሌ ደረቅ ልብስና ጋቢ በቅርብ ይኑረው። አጥማቂው «መድኃኒቱን ጣል» ካለ ያለ ክርክር ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሂዱ። በወሎ ልማድ ጸበሉ ቦታ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይመጣሉ፤ አንድ የተሳሳተ ምስክርነት የሚጎዳው የእኛን ብቻ አይደለም።

ያልተፈወሰውን ሰው «እምነትህ አነሰ» ማለት ደግሞ ጭካኔ ነው። ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶታል (2 ጢሞ. 4፥20)፤ ለጢሞቴዎስ ሆድም ጥቂት ወይን ጠጅ ነው ያዘዘለት። ማንንም በእምነት ማነስ አልወቀሰም።

መድኃኒቱን አስቀድሞ ያቆመ ሰው በቤታችሁ ካለ አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ይደብቃል። የቲቢ ታማሚ የተረፈውን ክኒን በራሱ እንዳይጀምር፤ ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ አክታው እንደገና ይመርመር። የኤች አይ ቪ ታማሚ ወደ ክትትል ክፍሉ ዛሬውኑ ይመለስ፤ የሚጠብቀው ምክርና መድኃኒት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ስንት ቀን እንዳቋረጠ በትክክል ለሐኪሙ ይንገር፤ እስከዚያ እሳት ዳር፣ ገደል አጠገብና ውሃ ውስጥ ብቻውን አይሁን። ኢንሱሊን ያቆመውን ግን እስከ ነገ አታሳድሩት።