ፎርድና ሸቭሮሌ ሲጣሉ መሃል የገባ ጎንደሬ

ጎንደር በገባሁ ቁጥር ከጤናዬም ከሥራዬም በፊት የምጠየቀው ስለ ሃይሉክስ ነው። ባለፈው ለጥምቀት ሄጄ አዘዞ አንድ ጋራዥ በር ላይ ከድሮ ጓደኞቼ ጋ ቡና ስንጠጣ አንደኛው «እዛ ፒክአፕ ነው አሉ የሚርመሰመሰው፣ አንዷን ሃይሉክስ ብትልካት ምን ትሆናለህ» አለኝ። ሌላው ወዲያው «የምን ሃይሉክስ፣ ዲማክስ ይላክ እንጂ» ብሎ ተነሳ፣ ከዛ በቃ እኔ ተረስቼ ሁለቱ ስለ ባሌስትራና ስለ ነዳጅ ሲከራከሩ ቡናው በረካ ደረሰ። የነሱ ክርክር ይገባኛል። የመተማን ዋልካ በክረምት ማን ይወጣዋል፣ ሰሊጥ ማን ይችላል፣ ሊማሊሞን ማን ሳይግል ይወጣል፣ የማን መለዋወጫ ቶሎ ይገኛል ነው ነገሩ። እኔ የምኖርበት ቴክሳስ ያለው የፒክአፕ ጠብ ግን ሌላ ነው፣ እኔም ቀምሼዋለሁ፣ ስለዚ እስቲ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሃይሉክሱን ነገር እንገላገል። አሜሪካ ሃይሉክስ አይሸጥም። ቶዮታ ከ1995 ጀምሮ እዛ የሚሸጠው ታኮማ የምትባለዋን ነው፣ ከሷ ከፍ ሲል ትልቁ ቱንድራ አለ (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። ከውጭ የሚገባ ፒክአፕ ለምን እንደሚወደድ ደሞ ብነግራችሁ አታምኑም፣ የዶሮ ጠብ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች ርካሽ ዶሮ አውሮፓ ሲያራግፉ ጀርመንና ፈረንሳይ ገበሬዎቻችን ከሰሩ ብለው ዶሮው ላይ ቀረጥ ጫኑ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1963 መጨረሻ አጸፋውን መለሰ፣ ብራንዲ ላይ፣ የድንች ስታርች ላይ፣ ዴክስትሪን የሚባል ነገር ላይና ከውጭ የሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለ። የጭነት መኪናው ነገር በዋናነት የጀርመኑን ቮልስዋገን ለመምታት ነበር። የሌላው እየቆየ ተነሳ፣ የጭነት መኪናው ግን ይሄው እስካሁን አለ። ጓደኞቼ ስነግራቸው የቀለድኩ መሰላቸው፣ ሥላሴን እውነት ነው። በዛ ቀረጥ ምክንያት የአገሬው ፋብሪካዎች ያለ ብዙ የውጭ ተፎካካሪ እርስ በርሳቸው ሲናከሱ ኖሩ፣ ቶዮታም ገበያው ውስጥ በደንብ ለመግባት እዛው አገር ፋብሪካ መትከል ነበረበት። ቱንድራ ከ2006 ጀምሮ የሚሠራው እዛው ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ነው። ይቺን ሳን አንቶኒዮ ያዙልኝ፣ ኋላ እመጣባታለሁ።

ወደ ጠቡ ልምጣ። ሰውን በሚነዳው መኪና መመዘን እኛም ጋ አለ፣ ቪኤይት የመጣ ቀን ወንበር ይለቀቃል፣ እሱን አልክድም። እኛ ግን የምናከብረው ዋጋውን ነው፣ እነሱ ደሞ በብራንዱ ይጣላሉ። የፎርዱ ሰውዬ ከ1977 ጀምሮ በሽያጭ የሚቀድመን ፒክአፕ የለም ይልሃል፣ እውነቱን ነው፣ ኤፍ ሲሪስ የሚባሉትን የፎርድ ፒክአፖች የቀደመ የለም። የሸቭሮሌው ደሞ እኛ የጭነት መኪና መሥራት የጀመርነው በ1918 ነው ይላል፣ ሰውየው ፋብሪካው ውስጥ አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም ግን «እኛ» ነው የሚለው። የራም ሰዎች ቁጥራቸው ያንሳል፣ ድሮ ዶጅ ነበር የሚባለው፣ በ2009 ነው ተነጥሎ ለብቻው ብራንድ የሆነው፣ እነሱም በሁለቱ መሃል ቆመው ሁለቱንም ይሳደባሉ። ቴክሳስ ላይ ደሞ ይብሳል፣ ሸቭሮሌ ቴክሳስ ኤዲሽን፣ ራም ሎን ስታር (የቴክሳስ ቅጽል ስም ነው) እያሉ የግዛቱን ስም ለጥፈው ይሸጡላቸዋል።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ናቸው እሳቱን የሚያነዱት። ፎርድ ለ2015 ሞዴል የኤፍ 150ን (ከኤፍ ሲሪስ አንዱ ነው) አካል ከብረት ወደ አልሙኒየም ቀየረ። በ2016 ሸቭሮሌ ማስታወቂያ ሠራ፣ የሁለቱንም መኪና አቁሞ ከላይ በሎደር ብሎኬት ደፋባቸው፣ የፎርዱ ወለል ተበሳ፣ የራሱ ብረት ግን ጎድጎድ ብሎ ቀረ። የሸቭሮሌ ሰዎች ለወራት በዚ ኖሩ። ከዛ ሲልቨራዶ የሚባለው የሸቭሮሌ ፒክአፕ የ2019 ሞዴል ሲወጣ በሩ፣ ኮፈኖውና የኋላ ስፖንዳው አልሙኒየም ሆኖ መጣ! እኛ መጋዘን ያሉት የፎርድ ሰዎች ይሄን ነገር እስካሁን ምሳ ላይ ያነሱታል፣ የሸቭሮሌዎቹም ወለሉ ግን ብረት ነው ብለው ይመልሳሉ፣ እንደዛ እያሉ የምሳ ሰዓቱ ያልቃል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ጠብ ስለ ጭነት ሆኖ ፓርኪንጋችን ላይ የሚቆሙት ፒክአፖች አብዛኞቹ ምንም አይጭኑም። ስፖንዳቸውን ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ቀለሙ ላይ ጭረት የለም፣ አንዱማ ምንጣፍ አንጥፎበታል። ጎንደር አንድ ሃይሉክስ ጠዋት ሲሚንቶ ጭና፣ ከሰዓት በግ አመላልሳ፣ ቅዳሜ ታጥባ የሰርግ ካሜራማን ከኋላ ይቆምባታል። መኪና እንደዛ ሲሠራ ነው ደስ የሚለኝ።

አሁን የሆነብኝን ልንገራችሁ። ዳላስ አካባቢ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ያገለገለ ቱንድራ በጥሬ ገንዘብ ገዛሁ፣ ቅዳሜና እሁድ የሰው ዕቃ እያመላለስኩ የምሠራበት ስለሆነ ጠንካራ መኪና ፈልጌ ነው፣ ያኔም ትክክል ነበርኩ አሁንም ትክክል ነኝ። እናቴ በቪዲዮ አይታው እልል ብላ ጸበል እርጭበት ያለችኝ መኪና ነው፣ ረጭቼበታለሁም። ሥራ ቦታ ወስጄ አቆምኩት፣ ማታ ስወጣ የኋላ መስታወቱ ላይ ስቲከር ተለጥፎበታል። አንድ የካርቱን ልጅ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እየሳቀ፣ የቶዮታ አርማ ላይ ይሸናል።

እዛው ደርቄ ቀረሁ። የሰው ንብረት ላይ መሽናት እኛ ጋ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። ጸበል የተረጨበት ላይ ደሞ! በጥፍሬ ጫፉን ላነሳው ስሞክር ቀጭን ስለሆነ ተቆራረጠ፣ መንጃ ፈቃዴን አወጣሁና በጠርዙ መፋቅ ጀመርኩ፣ ሰው በአጠገቤ እያለፈ ሞተር እያስነሳ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ይስቃል። ልጁ ተነስቶ ሲያልቅ የሽንቱ መስመር ብቻ ቀረ፣ እሷ ደሞ እንዴት እንደተጣበቀች! በኋላ እሷም ተነሳች ግን ሙጫው ቀርቶ አቧራ እየያዘ ቅርጹ ለብዙ ጊዜ ይታይ ነበር፣ ቤተክርስቲያን ስሄድ መኪናውን ጀርባውን ወደ አጥር አድርጌ ነበር የማቆመው።

በነጋታው አለቃዬ ጋ ገባሁ። ጥቁር ስለሆንኩ ነው፣ የውጭ ሰው ስለሆንኩ ነው ብዬ ነው የገባሁት። ሰውየው አዳምጦኝ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣና ፓርኪንጉን አሳየኝ። አንዱ ፎርድ ላይ ያው ልጅ ሸቭሮሌ ላይ ይሸናል፣ ከጎኑ የቆመው ሸቭሮሌ ላይ ፎርድ ላይ ይሸናል። «እንደኛው ቆጥረውህ ነው እኮ፣ ደስ ይበልህ» አለኝ። እኔ ይሄን አልተቀበልኩም፣ ዛሬም አልቀበልም። በራሱ መስታወት ላይ የለጠፈ የራሱ ጉዳይ፣ ሰው እንጀራ ፍለጋ ገብቶ ሲሠራ ተደብቆ መኪናው ላይ ሽንት መለጠፍ ግን ነውር ነው፣ በየትም አገር ነውር ነው፣ ቀልድ ሲባል የሚነጻ አይደለም። አለቃዬም መጨረሻ ላይ ሰው መኪና እንዳይነካ ብሎ ተናገረልኝ፣ ለዛ አመሰግነዋለሁ።

ጥቂት ቆይቶ አንዱ የሸቭሮሌ ሰውዬ ምሳ ላይ «ደሞዝህን የምታገኘው እዚህ፣ ለምንድነው የአሜሪካ መኪና የማትገዛው» አለኝ በሰው ፊት። ና ብዬ ይዤው ወጣሁ። የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ አይደል፣ መጀመሪያ ያለው ምልክት መኪናው የት እንደተሠራ ይናገራል፣ 1፣ 4 ወይ 5 ከሆነ አሜሪካ፣ 2 ካናዳ፣ 3 ሜክሲኮ፣ ጄ ከሆነ ጃፓን። የኔ በ5 ይጀምራል፣ ያቺ ያልኳችሁ ሳን አንቶኒዮ ናት፣ ከመጋዘናችን ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ። ከዛ የሱን እንይ አልኩት። የሱ ሲልቨራዶ በ3 ነበር የሚጀምረው፣ ሜክሲኮ ሲላኦ የምትባል ከተማ ውስጥ ሲልቨራዶ የሚሠራበት ፋብሪካ አለ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ፣ መስታወቱን በአውራ ጣቱ አበሰ፣ ደግሞ አየ። ከዛ ቀና አለና «አባቴ ሸቭሮሌ ነበር የሚነዳው፣ አያቴም» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ።

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው አጥንት እየቆጠረ ነው። እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እየቆጠርን የምንጠያየቅ ሰዎች ይሄ አይጠፋንም። ከዛ ወዲህ አልተከራከርኩትም፣ ሰው በአባቱ ከመጣ ምን ትለዋለህ፣ አሁንማ ሰላም እንባባላለን፣ አንድ ቀን ፍሪጅ ሲያነሳ አግዤዋለሁ፣ ያነሳነውም በኔ ቱንድራ ነው።

ግን እዚህ ጋ ነው የኛ ልጆች ነገር የሚያሳስበኝ። የኛ ልጅ አባቱ ሸቭሮሌ ነድቶ አያውቅም፣ አባቱ ከወገራ ጎንደር ገበያ በእግሩ የሚወርድ ሰው ነው። ታዲያ እዚህ ጠብ ውስጥ ምን አገባው? ይገባል ግን። ሥራ ቦታ ሁሉም ስለ ፒክአፑ ሲያወራ እሱ አሮጌ ኮሮላ ይዞ ይሸማቀቃል፣ ከዛ ሰው እንዲያከብረው ብሎ አዲስ ፒክአፕ ይፈርማል። አንድ የማውቀው የደባርቅ ልጅ እንዲሁ ነው ያደረገው፣ ሲበዛ ጨዋና ሠራተኛ ልጅ ነው። ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ መኪና በ84 ወር ብድር። ክሬዲት የሚባለውን የብድር ታሪክ ገና ስላልሠራ ወለዱን ቆለሉበት፣ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ ካልገባህ ስላለው ኢንሹራንሱ ብቻውን የቤት ኪራይ ሊያክል ምንም አልቀረው። ከመኪናው ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሳ፣ ፎቶው ጎንደር ገባ።

ከፎቶው በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአክስት ልጅ ሰርግ፣ የጎረቤት ህክምና፣ የቤተክርስቲያን ጣሪያ፣ ሁሉም እሱ ጋ ደወለ፣ እሱም አይሆንም ማለት አይችልም ምክንያቱም መኪናው በፎቶ ታይቷል። ቀን መጋዘን ሌሊት ዴሊቨሪ ይሠራ ጀመር፣ ዴሊቨሪውን ደሞ በዛው ነዳጅ በሚጠጣ መኪና። ክፍያው ሲዘገይ አንድ ሌሊት ጎትተው ወሰዱት። ቴክሳስ ላይ አበዳሪው ፍርድ ቤት ሳይሄድ መኪናውን መጥቶ መውሰድ ይችላል፣ ጠብ እስካልተነሳ ድረስ ሕጉ ይፈቅድለታል፣ መኪናው ተሸጦ ዕዳውን ካልሸፈነም ቀሪውን የምትከፍለው አንተው ነህ። ልጁ አሁን የሌለውን መኪና ዕዳ እየከፈለ ነው። ጎንደር ያሉት ዘመዶቹ ይሄን አያውቁም፣ ፎቶው አሁንም በየስልካቸው አለ፣ እናቱንም እንደ ሀብታም እናት ነው የሚያዩዋቸው፣ ዕቁብ ላይ ትልቁን ዕጣ ያዙ እየተባሉ ይጨነቃሉ አሉ። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ስለዚ ለመምጣት ወረቀት የጀመራችሁ፣ ዲቪ የደረሳችሁ፣ ስሙኝ። የመጀመሪያ መኪናችሁን አሮጌም ትሁን በጥሬ ገንዘብ ግዙ፣ በብድር የገዛችሁ ቀን ቴክሳስ ላይ ሊብሬው አበዳሪው ጋ ነው የሚቀመጠው፣ ከፍላችሁ እስክትጨርሱ የናንተ አይደለም። ፒክአፕ የምትገዙት የምትጭኑት ነገር ካላችሁ ብቻ ነው። ፎቶ ለመላክ አትቸኩሉ። ሻጩ ጋ ስትገቡ «በወር ስንት ትችላለህ» ይላችኋል፣ ለዚ ጥያቄ መልስ አትስጡ፣ ወሩን አርዝሞ ክፍያውን ትንሽ ያስመስልላችኋል፣ 84 ወር ሰባት ዓመት ነው! እንግሊዝኛ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ግቡ፣ የወለዱን መቶኛ፣ የወሩን ብዛትና ተደምሮ የምትከፍሉትን ጠቅላላ ብር በወረቀት አሳየኝ በሉት። ከመፈረማችሁ በፊት እንዲያሳያችሁ ሕጉ ያስገድደዋል፣ ካላሳያችሁ ተነስታችሁ ውጡ።