ምንጣፍ ያጋለው ፍሬን

መኪናው ባለ 1200 ሞተር የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ነው፤ አራቱም እግሩ ባለ ታምቡር ፍሬን፦ ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት ታምቡር፣ ውስጡን እየተጫነ የሚይዘው ሸራ። ደሴ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ የገባው ለሠርግ ነበር። ባለቤቱ ሐጂ ከአባታቸው የወረሱትን ይህን መኪና፣ የልጅ ልጃቸውን ከደሴ ኮምቦልቻ ይዞ እንዲወርድ ፈልገዋል፤ መልኩም እንደ ድሮዎቹ የሳፋሪ ውድድር ቮልሶች እንዲሆን፦ በሩ ላይ ነጭ ክብና ጥቁር ቁጥር፣ ከፊት ሁለት ተጨማሪ መብራት።

ምኞታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቮልስ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ1954ም በ1962ም አሸንፏል፤ መንገዱ ጭቃና አቧራ፣ የ1962ቱ ዓይነት ሞተር ጉልበቱ 34 ፈረስ ብቻ። (የፔጆ 404 ወዳጆች እንዳይቀየሙ፦ የእነሱ መኪና በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አራት ጊዜ አንደኛ ወጥቷል።) ራዲያተር የሌለው፣ ዳገት ላይ የሚፈላ ውሃ የሌለው መኪና ወሎ ውስጥ ቢወደድ አይገርምም። የሚያስቸግረው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው።

ሥራው በሥርዓት ነው የሄደው። ታምቡሮቹ ወልቀው ሸራው ታየ፤ ውፍረቱ ደህና ነው። በየጎማው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ማስተካከያዎች አሉ፤ ሸራው ታምቡሩን እስኪይዝ ተጠብቀው ሦስት አራት ጥርስ ወደ ኋላ ተመለሱ። የፍሬን ዘይቱ አልጎደለምና አልተቀየረም። ቀለሙ ተቀባ። በመጨረሻ ወንበርና ምንጣፍ ሠሪው ገብቶ ወለሉን በወፍራም ቀይ ምንጣፍ አለበሰው። እዚያው ደሴ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ደርሶ መልስ ተነዳ፤ እንከን አልተገኘበትም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወረድበት ሐረጎ ግን ቧንቧ ውሃ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከ600 ሜትር በላይ የሚሆነው ልዩነት 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ይወረዳል።

ከሠርጉ አራት ቀን ቀድሞ መካኒኩና ረዳቱ ለሙከራ ወረዱ፤ የሚነዳው ረዳቱ ነው። ቁልቁለቱ ከተጀመረ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑ ምን የመሰለ ሆኗል! ገና ስነካው ይይዛል» አለ። ችግሩ የተናገረው ያኔ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። እየተነዳ ፔዳሉ እያጠረና እየጠነከረ የሚሄድ ፍሬን እየተሻሻለ አይደለም፤ መስመሩ ውስጥ ያልተለቀቀ ግፊት አለ። ቀጥሎ መኪናው ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ካልሰጡት አልሄድ አለ። ከዚያ የሸራ ሽታ መጣ፤ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ነው ተብሎ ታለፈ።

አንድ ኩርባ ላይ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ።

«ጋሼ፣ የለም!»

«አብሽር። ሁለተኛ አስገባ፤ የእጅ ፍሬኑን እኔ እይዘዋለሁ።»

የዚያ ዘመን ቮልስ የእግር ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ሲጠፋ ከአራቱም ጎማ እኩል ይጠፋል። የእጅ ፍሬኑ ግን የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው በሽቦ ነው፤ ከዘይቱ ጋር አይገናኝም። መካኒኩ የእጅ ፍሬኑን መልቀቂያ በአውራ ጣቱ ተጭኖ እያላላ እየሳበ፣ የኋላው እንዳይንሸራተት እየተጠነቀቀ፣ መኪናውን በተራራው በኩል ያለው ቦይ አጠገብ አቆሙት።

ረዳቱ የሃይላንድ ውሃ ይዞ ወደ ታምቡሩ ሄደ፤ ተከለከለ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ታምቡሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ፔዳሉ ተመለሰ። «ይኸው መጣ፤ እንሂድ» ሲል መካኒኩ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ ኪሱ ከተተው። እንዲህ ያለ ፍሬን በሁለተኛው ኩርባ ላይ ነው ሰው የሚገድል፤ የተመለሰው እንፋሎቱ ስለቀዘቀዘ እንጂ የተጠገነ ነገር ኖሮ አይደለም።

ጎማዎቹ አንድ በአንድ በክሪክ ተነሡ፤ አራቱም በእጅ አይዞሩም። የአንድ ጎማ አየር ማስወጫ በ7 ቁልፍ ሲላላ ዘይቱ ተፈናጥሮ ወጣ፣ ጎማውም ወዲያው ተፈታ። ይህ ብዙ ይናገራል። ዘይቱ ወጥቶም ጎማው ባይፈታ ኖሮ ጥፋቱ ከሸራ ማስተካከያው ወይም ከእጅ ፍሬኑ ሽቦ ነበር። የያዘው አንድ ጎማ ብቻ ቢሆን ደግሞ ወደዚያ ጎማ የፍሬን ዘይት የሚያደርሰው፣ ውስጡ ያበጠ የላስቲክ ቱቦ ይጠረጠራል። አራቱም በግፊት ከያዙ ግን መፈለግ ያለበት ዋናው የፍሬን ፖምፓና ፔዳሉ ላይ ነው።

ፖምፓው ውስጥ፣ ከዘይት ማጠራቀሚያው የምትመጣ መርፌ የምታክል መመለሻ ቀዳዳ አለች። እግር ሲነሣ የፒስተኑ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ከእሷ ወደ ኋላ ማለፍ አለበት፤ በሙቀት የሰፋ ዘይት የሚመለሰው በዚያች ብቻ ነው። ለዚህም ከፔዳሉ በሚመጣው ገፊ ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ፔዳሉ ላይ በጣት ሲገፋ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ ሆኖ ይታወቃል። እዚህ መኪና ላይ ባዶ ጉዞ የሚባል አልነበረም። ቀዳዳዋ ስለተደፈነች የሰፋው ዘይት ሸራውን ገፋ፣ ሸራው ታምቡሩን አጋለ፣ ሙቀቱ ዘይቱን ይብስ አሰፋው። ፔዳሉ «ምን የመሰለ» የሆነው በዚህ ነው። ከዚያ ዘይቱ ፈላ፤ እንፋሎት ሲገፋ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሲሆን፣ ውሃ ሲገባበት መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ማጠራቀሚያው ሙሉ መሆኑ ስለ ዕድሜው አንዳች አይናገርም።

ክፍተቱን የበላው ቀዩ ምንጣፍ ነው። ከፔዳሉ ኋላ ወለሉ ላይ በቡሎን የታሰረች ማቆሚያ ብረት አለች፤ ቀዳዳዋ ሞላላ ስለሆነ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ምንጣፍ ሠሪው ፈትቷት፣ ምንጣፉን ከሥር አስገብቶ፣ ፔዳሉን ወደ ፊት ገፍታ እንደቆመች አሰራት። በእሱ ሥራ አይፈረድበትም፤ ማቆሚያዋ ለእሱ ምንጣፍ የምትከለክል ብረት ናት። የጋራዡ ጥፋት ግን ፍሬኑን የፈተሸው ከምንጣፉ በፊት መሆኑ ነው። አሁን የሥራ ወረቀቱ ላይ ከወንበርና ምንጣፍ ሠሪው ቀጥሎ «የፔዳል ጨዋታ፣ በማስመሪያ» የሚል መስመር ተጨምሯል።

ቮልሱ በመኪና ተጎትቶ ደሴ ተመለሰ። ማቆሚያዋ ባዶ ብረት ላይ ታስራ 6 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመች። የገፊውን ዘንግ ርዝመት በመቀነስ ማስተካከል ይቀላል፤ አይደረግም፤ ርዝመቱ እንዳለ ይቀመጣል። የሙቀት ጉዳት የደረሰባቸው ጎሚኒዎችና አራቱም የላስቲክ ቱቦዎች ተቀየሩ። የኋላ ታምቡር የሚወልቀው በ36 ቁልፍ ነው፤ ሲመለስ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠበቃል፣ ዳዱ እንዳይፈታ የሚያግደው ሽቦ (ኮፒያ) ቀዳዳ ካልገጠመ ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። መስታወት የመሰለው ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። አዲስ ዶት 4 (መፍያው ቢያንስ 230) ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ከኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ በቅደም ተከተል ተነፋ፤ ማለትም አሮጌው ዘይትና አየሩ ከመስመሩ ወጣ።

በሁለተኛው ሙከራ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ታምቡሮቹ ሞቀው ነበር፤ አራቱም ጎማ ግን በክሪክ ሲነሣ በአንድ እጅ ዞረ። ለሐጂ የተነገራቸው የቀረ ችግር፣ ፔዳሎቹ ሥር ምንጣፉ በመቀስ ተቆርጦ ብረቱ መታየቱ ነበር።

«ተወው ልጄ» አሉ፤ «ሙሽራዋ እግሯን እዚያ አታስቀምጥ።»