ፑሊው ላይ ያለው ጭረት ሁለት ጊዜ ይመጣል

ቁልፉን ያዞረው ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ከኋላ፣ ሞተሯ ጋ ቆሜያለሁ። ሞተሪኖው ጥሩ አድርጎ አዞራት። ባትሪው ሙሉ ነው፤ ቤንዚን አለ። ሞተሯ ግን አልነሳ አለች። ሦስት አራት ጊዜ ከዞረች በኋላ በካርቡራተሩ አፍ «ፑፍ» ብላ ጭስ ተፋች። ደገምን። ደግማ ተፋች። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሞክር በማርሚታው በኩል ተኮሰች፤ የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ።

«እትዬ፣ ልተወው?» አለኝ ወንድሜ።

«ተወው» አልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መኪናዋ ቮልስ ናት፤ 1300፣ በፈረንጆቹ 1969 የተሠራች። የምሠራው ፋርማሲ ነው። ዘንድሮ ክረምቱን በሙሉ ግን ከሥራ ስወጣ ልብሴን ቀይሬ፣ ማራኪ ባለው ግቢያችን የቆርቆሮ ጥላ ሥር እገባለሁ። ከአዘዞ ወደ ከተማ ስወጣ ሰማያዊ ጭስ ታጨስ ነበር፤ ዘይትም መብላት ጀምራለች። ሞተሯን አወረድኩ። ፈታሁ። የፒስተን ፋሻ፣ ብሮንዚና ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አዲስ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ ተጫነልኝ። ቴስታታዎቹ (የሲሊንደሮቹ ራሶች) ቶርኖ ቤት ሄደው ተመለሱ። ቀሪውን በሙሉ በገዛ እጄ ገጠምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ሲጠፋ በስልኬ ባትሪ፣ ፍልሰታን በሙሉ ስሠራ ነበር። ስለዚህ ያ «ፑፍ» ልቤን ነካው።

ከመጀመሪያው ሙከራ በፊት ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ይጠቅማችኋልና። አራቱንም ካንዴላ አውጥቼ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዞርኳት። ካንዴላ ከሌለ ሞተሩ ቀላል ነው፤ ዘይቱም ከአዲሶቹ ብሮንዚዎች ቀድሞ ይደርሳል። ሞተሪኖን ከአሥር ሰከንድ በላይ በአንድ ጊዜ አታስጨንቁት፤ ይግላል። ከሞተሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አስቀምጫለሁ። የቮልስ የሞተር ቤት ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ነው። ማግኒዥየም እሳት ከያዘ ውኃ ያባብሰዋል። ካርቡራተር የሚተፋ ሞተር ላይ የአየር ማጣሪያው ሳይገጠም ጎንበስ ብላችሁ አትዩ። እኔ አንዴ ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ቅንድቤ የተረፈው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ቀጥሎ ያሉት ሦስት ቀናት የፍለጋ ነበሩ።

እሳቱን አየሁ። ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አድርጌ ከሞተሩ ብረት አስነካሁት፤ ወንድሜ አዞረ። ሰማያዊ፣ ጠንካራ እሳት፤ ድምፁ ራሱ ይሰማል። ለየሲሊንደሩ እሳት በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለውን ኮንታክት ከፍቼ ክፍተቱን ለካሁ፤ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ እንደሚገባው። ከእርጥበቱ የተነሳ ትንሽ ደብዝዞ ስለነበር በንጹሕ ወረቀት ጠረግኩት። ምንም አልተለወጠም።

ቤንዚኑን አየሁ። ሞተሩ ቆሞ ሳለ የጋዙን ሽቦ በእጄ ስስብ ካርቡራተሩ ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ይረጫል። ያ ካለ ቤንዚን ደርሷል ማለት ነው። ይህን እያየሁም ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ ፈትቼ አጠብኩት። ይህ ጥፋቴ ነው። ደህና መሆኑን በዓይኔ ያየሁትን ነገር መፍታት አልነበረብኝም። የጠፋውን ፍለጋ ደህናውን ሲፈቱ አዲስ ብልሽት ይጨመራል፤ እንዲያውም ስመልሰው አንዷን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቀደድኳት።

መጭመቂያውን ለካሁ። መለኪያውን ከአንድ ጋራዥ ተዋስኩ። አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው የሚለካው። ከ92 እስከ 100 ፒኤስአይ ወጣ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ የጠበቅኩት ከዚህ በላይ ነበር። ፋሻው ተሰብሮ ይሆን? ቴስታታው ያስተነፍስ ይሆን? ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ጎንደር ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ቢሆን እዚህ 78 ያህል ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው ደግሞ የሚያገኘውን አየር ነው። ስለዚህ መለኪያው እዚህ ዝቅ ብሎ ቢያነብ አያስደንቅም። የሚያስፈራው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ሲራራቁ ነው። የእኔዎቹ ተቀራርበዋል። ይህን ሳሰላ ጨረቃዋ ከፋሲል ግንብ በላይ ወጥታ ነበር፤ እኔም ተነፈስኩ።

ዲስትሪቢዩተሩንም ግራና ቀኝ እያዞርኩ ሞከርኩ። መተፋቱ በረታ እንጂ ለውጥ የለም።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «አባባ» ነው የሚላቸው። ክረምቱን በሙሉ አልፎ አልፎ በአጥር በኩል ያዩኝ ነበር፤ ካልጠየቅኳቸው ግን አንድም ቃል አይናገሩም። ይህን አክብሮታቸውን እወድላቸዋለሁ። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ ስኒያቸውን ይዘው ከሞተሯ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ትተፋለች ወይስ ዝም ብላ ነው የምትዞር?» አሉኝ።

«ትተፋለች፣ አባባ። አንዳንዴም በማርሚታው ትተኩሳለች።»

«እንግዲያው እሳትም ቤንዚንም አለ። ያለ ሰዓታቸው ነው የሚገናኙት። በቀኝ በኩል የቫልቭ ክዳኑን ክፈቺልኝ።»

ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ገባሁ። የቮልስ ቫልቭ ክዳን በአንድ ወፍራም ሽቦ ነው የተያዘው፤ በካቻቢቴ ወደ ታች ሲገፉት ይለቃል። ያልተቃጠለ፣ ማር የመሰለ ዘይት በክርኔ ወረደ። አባባ ከላይ ሆነው በ21 ቁልፍ የዲናሞውን ዳዶ ይዘው ቀስ እያሉ አዞሩ። ካንዴላዎቹ ስለወጡ ሞተሩ እንደ ወፍጮ እጀታ ይዞራል።

«ጭረቱ መጣ» አሉ፤ በዋናው ዘንግ ጫፍ ያለው የቺንጋ ጎማ፣ ፑሊው፣ ላይ ያለውን የሰዓት ምልክት ማለታቸው ነው። «ሮተሩም የአንደኛው ሲሊንደር ምልክት ላይ ነው። በይ፣ የአንደኛውን ሮከሮች ያዣቸው።» ሮተር ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየዞረ እሳቱን ለተራው ሲሊንደር የሚያደርስ ነው፤ ሮከሮች ደግሞ ቫልቮቹን የሚገፉ ናቸው።

በቮልስ አንደኛው ሲሊንደር በቀኝ፣ ከፊት ያለው ነው። ሁለቱን ሮከሮች በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ያዝኩ። አንደኛው ሊተኮስ ከሆነ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ መሆን አለባቸው፤ ሮከሮቹም ትንሽ ጨዋታ ሊኖራቸው ይገባል። 0.15 ሚሊ ሜትር አድርጌ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን ሁለቱም ጥብቅ ናቸው። አልነቃነቅ አሉ። አባባ ፑሊውን ወደፊትና ወደኋላ በጣት ያህል አወዛወዙት። አንዱ ሮከር ሲገባ ሌላው ሲወጣ በጣቶቼ ተሰማኝ። የጭስ ማውጫው ሊዘጋ፣ የቤንዚን ማስገቢያው ሊከፈት ላይ ናቸው። ይህ ሲሊንደር ጭሱን አውጥቶ ጨርሶ አዲስ ትንፋሽ ሊስብ ነው። እኔ ደግሞ እሳቱን የምሰጠው ያኔ ነው።

ወጥቼ በግራ በኩል ገባሁ። የሦስተኛውን ክዳን ከፈትኩ። «ጢቅ፣ ጢቅ።» ሁለቱም ሮከሮች ጨዋታ አላቸው። እሳት የሚጠብቀው ሦስተኛው ነበር።

ከመኪናዋ ሥር እንደተኛሁ ዝም አልኩ። ሁሉም ነገር ገባኝ።

አንድ ሲሊንደር መሳብ፣ መጭመቅ፣ መተኮስና ጭሱን ማውጣት አለበት። ለዚህ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ካምሻፍቱና ዲስትሪቢዩተሩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ስለዚህ ፑሊው ላይ ያለው ጭረት ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዴ አንደኛው ሊተኮስ ሲል፣ አንዴ ሦስተኛው ሊተኮስ ሲል። ጭረቱን ብቻ አይቶ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ቫልቮቹን ያስተካከልኩ ቀን ሮከሮቹን እያየሁ ነበር፤ ያኔ ልክ ነበርኩ። ከዚያ ቺንጋውን ለመግጠም ሞተሩን አዞርኩ። ጭረቱ ተመልሶ ቦታው ላይ ሲመጣ ቆምኩ። አንድ ሙሉ ዙር እንዳለፈ ልብ አላልኩም። ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረውን ዘንግ ያስገባሁት በዚያ ሰዓት ነው። ራሱ ላይ ያለው ስንጥቅ መሐል ለመሐል አይደለም፤ ትንሿ ጎን ወደ ፑሊው መዞር አለባት። ዞራለች። መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አንድ ነው። ለዚህ ነው ሦስት ቀን በሙሉ እዚያ ያልተመለከትኩት። ፋርማሲ ውስጥ የመድኃኒት ሳጥን ሳላነብ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። እዚህ ግን ጭረቱን አምኜ ቫልቩን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

«ዘንጉን ላውጣው?» አልኩ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እናረጋግጥ» አሉ አባባ። «ገመዶቹን አቀያይሪ።»

የቮልስ የመተኮስ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ግማሽ ዙር ከሳተ ክዳኑ ላይ አንደኛውን ከሦስተኛው፣ አራተኛውን ከሁለተኛው መለዋወጥ በቂ ነው። ለዋወጥኩ። ካንዴላዎቹን መለስኩ። የቫልቭ ክዳኖቹን ዘጋሁ። ወንድሜ መሪው ጋ ተቀመጠ።

ቁልፉ በደንብ እንኳ አልዞረም። ተነሳች።

እናቴ እልል አለች። እኔ ቡናውን ደፋሁት። አባባ ግን እጃቸው ጋዙ ላይ ነው፤ ዝቅ እንድትል አልፈቀዱም። አዲስ ካምሻፍትና አዲስ ፋሻ ያለው ሞተር እንደተነሳ ለብቻው ተንጠልጥሎ እንዲንፈቀፈቅ አይተውም። ካምሻፍቱ ላይ የሚረጨው ዘይት ያንሳል። ወደ 2,000 ዙር ከፍ አድርጎ 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይገባል። ቮልሴ የዙር ቆጣሪ የላትም፤ አባባ በጆሯቸው ነው የያዙት። ማርሚታው ላይ የፈሰሰው ዘይት ጨሶ ግቢው ጉም መሰለ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጠራ። የዘይቱም የዲናሞውም መብራት ጠፍተዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወው ነበር። ትሠራለችና። እኔ ግን በገመድ የተሸነገለ ሞተር አልፈለግኩም። ነገ ወንድሜ ወይም ሌላ መካኒክ ክዳኑን ሲከፍት የአንደኛው ምልክት ላይ ሦስተኛውን ያገኛል፤ እኔ ያጠፋሁትን ሦስት ቀን እሱም ያጠፋል። አባባም «እንደ ጠባይዋ አስገቢያት» አሉኝ።

በማግስቱ፣ ሞተሯ ስትቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ የቤንዚን ፓምፑን ፈታሁ። የፓምፑን ዘንግ የሚገፋው ይኸው የዲስትሪቢዩተር ዘንግ ስለሆነ፣ የፓምፑ ዘንግ ሳይነሳ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ አይወጣም። ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩን፣ ከዚያ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሞላ። ዘንጉን ለማውጣት የወይራ እንጨት ጫፉን ሾጠጥ አድርጌ ጠረብኩ። ቀዳዳው ውስጥ ወትፌ፣ ወደ ግራ እያዞርኩ ወደ ላይ ሳብኩት። ከሥሩ ሁለት ስስ ሮንዴላዎች አሉ። እነሱ ከተንሸራተቱ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባሉና የክረምቱ ሥራ በሙሉ ይፈርሳል። በባትሪ ብርሃን አየኋቸው፤ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። እንደገና እስክተነፍስ ድረስ ትንሽ ቆየሁ።

ቀኙን የቫልቭ ክዳን ከፍቼ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዞርኩ። በዚህ ጊዜ ጭረቱን ያየሁት በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ ሮከሮቹን ያዝኩ። «ጢቅ፣ ጢቅ።» ዘንጉን አስገባሁ፣ ገመዶቹን ወደየቦታቸው መለስኩ፤ የእሳቱን ሰዓት በ12 ቮልት አምፖል 7.5 ዲግሪ ላይ አስተካከልኩ።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ቀየርኩ፤ 2.5 ሊትር ነው የምትይዘው። ቮልስ የዘይት ፊልተር የላትም፤ ከሥሯ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። አባባ ወንፊቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፈው ፀሐይ ላይ አዩት። ጥቂት ግራጫ ዱቄት አለ፤ የአዲስ ፋሻ ነው። ቢጫ ብልጭታ ግን የለም። ክራንክሻፍቱ ላይ ያለው፣ የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ የሚያዞረው የነሐስ ጥርስ ደህና ነው።

ትናንት አዘዞ ወርጄ ተመለስኩ። ዳገቱ ላይ በመስታወቱ ወደ ኋላ ደጋግሜ አየሁ። ጭስ የለም፤ የመንገዱ ዳር የመስቀል አበባ ብቻ ነው የሚታየው።