ከፋሲካ በኋላ የኮሪያ ጥብስ

ሥራ ቦታ አብረን የምንውል አንዲት ኮሪያዊት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። ምሳ ስንበላ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነን፤ ሁዳዴን ሙሉ ሽሮና ምስር ይዤ ስመጣ እያዩ "ይሄ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?" ይሉኝ ነበር። 55 ቀን ነው ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና "እንግዲያው ፋሲካ ሲያልፍ ሥጋ የማበላሽ እኔ ነኝ" አሉ። አልረሱም። ባለፈው አርብ ከሥራ ስንወጣ ወደ አናንዴል ወሰዱኝ። (አርብ መሆኑን አይታችሁ ለደነገጣችሁ፦ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና አርብ አይጾምም።)

አናንዴል እዚሁ ቨርጂንያ ውስጥ፣ ኮሪያውያን የሰፈሩባት ናት። እኛ አሌክሳንድሪያ ላይ እንጀራና በርበሬ እንደምናገኘው፣ እነሱ እዚያ የአገራቸውን ሁሉ ያገኛሉ። በዚያ መንገድ ስመላለስ ኖሬ አንዱንም በር ከፍቼ ገብቼ አላውቅም ነበር። ምክንያቱ አሳማ ነው። ኮሪያውያን በብዛት የሚጠብሱት ሳምግዮፕሳል የሚሉትን የአሳማ የሆድ ሥጋ መሆኑን ሰምቼ ስለነበር፣ ብረቱም ማንኪያውም የነካካ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ገና ሳንቀመጥ አስተናጋጇን በቋንቋቸው አነጋገሯት፤ የመጥበሻው ብረት ተነሥቶ ሌላ ንጹሕ መጣ። "የበሬ ብቻ ነው ያዘዝኩት" አሉኝ። ልቤ አረፈ።

ጠረጴዛው መሀሉ የተቦረቦረ ነው፤ እሳቱ እዚያ ውስጥ ነው። ከላይ ደግሞ ጭሱን የሚስብ ቱቦ ከጣሪያው ወርዶ ብረቱ አናት ላይ ደርሷል። ዱካዎቹ ክዳን አላቸው፤ ሲከፈቱ ውስጣቸው ባዶ ነው፣ ጃኬትና ቦርሳ የሚከተተው እዚያ ነው፤ ልብስ ጥብስ ጥብስ እንዳይሸት። ጃኬቴ ተረፈ፣ ጸጉሬ አልተረፈም።

ሥጋው ሳይመጣ ጠረጴዛው በትንንሽ ሳህን ሞላ። ኪምቺ፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸ ቆስጣ መሳይ ቅጠል፣ የባቄላ ቡቃያ፣ የተኮመጠጠ ነጭ ራዲሽ፣ ሌላም ስሙ ያመለጠኝ። ሒሳቡን በሆዴ መደመር ጀመርኩ። እሳቸው ገባቸውና ሳቁ፤ ባንቻን ይባላል፣ ከሥጋው ጋር በነጻ ነው የሚመጣው፣ ሲያልቅም ይጨመራል። እውነት ለመናገር ኪምቺውን ብቻውን አልወደድኩትም። ጥቅል ጎመን በጨው ለስልሶ፣ በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተለውሶ ሲብላላ የሚሰነዝረው ኮምጣጣነት አፍንጫ ድረስ ይወጣል። ከጮማ ጋር ስቀምሰው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ስቡን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ሥጋው እንዳይሰለች የሚያደርገው እሱ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ፍርንባ ነው፤ እንደ እኛ ተከትፎ ሳይሆን በማሽን በጣም ሳስቶ የተቆረጠ፣ ነጭ ጮማው ከቀዩ ጋር የተሰነጋ። ብረቱ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ተኮማትሮ ይጠቀለላል፤ ቆጥሮ ሰባት እንኳ ሳይደርስ ይበስላል። ጨው በገባበት የሰሊጥ ዘይት ነክሮ መጉረስ ነው። ቀጥሎ ጋልቢ መጣ፣ ጎድን። እሱ በአኩሪ አተር ሶስ፣ በስኳር፣ በነጭ ሽንኩርትና በተፈጨ የኮሪያ ፒር ተዘፍዝፎ ያደረ ነው፤ ሥጋውን የሚያለሰልሰው ፍሬው ነው አሉኝ። የተዘፈዘፈ ሥጋ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻ የሚጠበሰው ስኳሩ ብረቱን ስለሚያሳርረው ነው። እናትየዋ ጎድኑን በመቆንጠጫ ከፍ አድርገው ይዘው በመቀስ ይቆራርጡት ጀመር። ሥጋ በመቀስ! ለቁርጥ ቢላ ለሚሳል አገር ልጅ ይህን ማየት ከባድ ነው። ግን ሲያዩት ይቀላል፤ አጥንቱ በአንድ እጅ፣ መቀሱ በሌላው፣ አንድ ጠብታ ሳይፈስ።

ከዚያ አንድ የሰላጣ ቅጠል መዳፋቸው ላይ ዘረጉ። በላዩ ላይ ሌላ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ሽታው ወደ በሶብላ የሚያደላ ቅጠል። ትንሽ ሩዝ፣ ጎድኑ፣ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ሳምጃንግ የሚባለው የአኩሪ አተርና የበርበሬ ድልህ። ጠቀለሉና ወደ አፌ ሰነዘሩ። እኔም አፌን ከፈትኩ። እጃቸው አየር ላይ ቆም አለ። ከዚህ በፊት ለሥራ ጓደኞቻችን ሲያጎርሱ ሁሉም በእጃቸው ነበር አሉ የሚቀበሏቸው። "እኛ አገርም እንዲሁ ነው" ብዬ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ፣ ሁለተኛውን እኔ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው።

ጨዋታው ከዚያ በኋላ ሞቀ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ጦርነት ስለዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ፣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ነበሩ ያነሡት። ቹንቾን ከተማ ለዘማቾቻችን የቆመ ሐውልት አለ፤ ጃንሆይ በ1960 ዓ.ም. ኮሪያ በሄዱ ጊዜ የተመረቀ። እዚያው አጠገብ የኢትዮጵያ ቡና የሚሸጥበት ቤት አለ፤ በወጣትነታቸው ገብተው ጠጥተውበታል። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች ሐውልት ከታክሲ መስኮት ነው የማውቀው።

በወሬው መሀል ግን አንድ ነገር አየሁ። ሴትዮዋ አልበሉም። ያገላብጣሉ፣ ይቆርጣሉ፣ የበሰለውን ወደ እኔ ይገፋሉ፣ እንደገና ጥሬ ይጨምራሉ። ይህን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። በፋሲካ ማለዳ ዶሮውን ሳወጣ፣ እንጀራ ስጨምር፣ "ኧረ ቁጭ በይ" እየተባልኩ እንግዳው እጁን ታጥቦ ያበቃል፤ እኔ የምበላው የቀዘቀዘውን ነው። መቆንጠጫውን ከእጃቸው ወሰድኩ። እምቢ አሉ፣ ታገልን፣ ዞሮ ዞሮ ያሸነፍኩት ራሳቸው በነገሩኝ ሕግ ነው፦ እነሱም ዘንድ ታናሽ ጠባሽ ነው። ያን ጊዜ ነው የዚህ ምግብ ጥቅሙ የገባኝ። እየጠበስኩ በላሁ። ማንም ጓዳ አልቀረም፣ ማንም ቀዝቃዛ አልበላም፣ ያዘጋጀችውም የተጋበዘችውም እሳቱን ከበው ቁጭ ብለዋል። ለእኛ ሴቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በመጨረሻ በረዶ የተንሳፈፈበት ቀዝቃዛ ፓስታ መሳይ ሾርባ መጣ፣ ነንግምዮን። ሥጋን ያወርዳል አሉ። ግማሹን ተውኩት፤ ከጥብስ በኋላ በረዶ መጠጣት ገና አልለመደልኝም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጸጉሬን አሽትቶ የት እንደነበርኩ ሳይጠይቅ አወቀ። ነገሩን ከነገርኩት በኋላ "ታዲያ ራሳችሁ ከጠበሳችሁ የከፈላችሁት ለምኑ ነው?" አለኝ። ደመወዝ ሲወጣ እወስደዋለሁ። እሱ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል፤ መቆንጠጫው የእሱ ነው።