ገጸ ባሕርያቱን ይዞ የተሻገረው ደራሲ

ሐዋሳ ላይ ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ከሐይቁ ዳር ሲያባርረኝ፣ ቤቴ ተቀምጬ መልሼ መላልሼ የማየው አንድ የስፔን ፊልም አለ። ጎንዛሎ ስዋሬዝ እ.ኤ.አ. በ1988 የሠራው ይህ ፊልም «ሬማንዶ አል ቪየንቶ» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር በነፋስ መቅዘፍ እንደ ማለት ነው። ታሪኩ በ1816 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ስለተሰበሰቡ እንግሊዛውያን ጸሐፍት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ የአየሩን ጠባይ ስላዛባው፣ እነርሱ በጋ የሚሉት ወቅት እንደኛ ሐምሌ ዝናብ በዝናብ ሆኖባቸው ነበር። ከእነርሱ አንዷ ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» በተባለው ልብ ወለዷ ያለውን ሰው ሠራሽ ፍጡር በሐሳቧ የፀነሰችው በዚያ ሰሞን ሲሆን፣ በስዋሬዝ ፊልም ይህ ፍጡር ከወረቀት ወጥቶ የምትወዳቸው ሰዎች በሚሞቱበት ሁሉ ይመጣል። ገና ዝናው ያልገነነው ሂው ግራንትም ገጣሚውን ሎርድ ባይረንን ሆኖ ይጫወታል።

ገጸ ባሕርይ ደራሲውን ሲከተል ማሳየት ለስዋሬዝ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የራሱም ሕይወት ይኸው ነው። በ1934 ኦቪዬዶ ከተማ ተወልዶ፣ ባርሴሎና ውስጥ ማርቲን ጂራርድ በሚል የብዕር ስም የስፖርት ጋዜጠኛ ሆነ። ለኢንተር ሚላኑ አሠልጣኝ ለኤሌኒዮ ኤሬራም የተጋጣሚ ቡድኖችን አጨዋወት እየተመለከተ ዘገባ ያቀርብ ነበር። ኳስ ሳይነካ፣ ከተመልካች መቀመጫ ሆኖ የሃያ ሁለት ሰዎችን ሐሳብ ማንበብ ከልብ ወለድ ደራሲ ሥራ የሚርቅ አይመስለኝም። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የታተመው በ1963 ነው።

ወደ ፊልም የገባው በሌላ ሰው በኩል ነበር፤ ቪሴንቴ አራንዳ በ1965 «ፋታ ሞርጋና»ን የሠራው በስዋሬዝ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስዋሬዝ ግን ሥራው በልኩ እንዳልተሰፋ ተሰማውና ካሜራውን ራሱ ያዘ። በመጽሐፉ የፈጠረውን ዲቲራምቦ የተባለ ገጸ ባሕርይ ወደ ፊልም አመጣው፤ ከዚያም አልፎ ራሱ ሆኖ ተጫወተው።

በ1974 «ክላሪን» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀውን የሌዎፖልዶ አላስን ዝነኛ ልብ ወለድ «ላ ሬሄንታ»ን ወደ ፊልም ቀይሮ ሠርቷል። መጽሐፉ የስዋሬዝን የትውልድ ከተማ በሌላ ስም የሚያማ ቢሆንም፣ ለእኔ ከሌሎቹ ይልቅ የእርሱ ድምፅ የሚሳሳበት ፊልም ይህ ነው።

በ1984 በቀረበው «ኤፒሎጎ» ግን ዲቲራምቦ አርጅቶ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ሆሴ ሳክሪስታን ሆኖት፣ መጻፍ ያቆመውን የቀድሞ ባልደረባውን ሮካብሩኖን አንድ የመጨረሻ መጽሐፍ አብረን እንጻፍ እያለ ይወተውተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ የሐይቁ ፊልም በሳን ሴባስቲያን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት አስገኘለት።

ጓደኞቼ ስለ ማንኛውም ፊልም «መጽሐፉ ይበልጣል» ማለት ይቀናቸዋል። ዲቲራምቦን በተመለከተ ግን የቱን ከየቱ እንደሚያበላልጡ እስካሁን የነገረኝ የለም።