ቢጫዋን አልሸጥልዎትም

አኳሪየም በመግጠምና በመንከባከብ ነው እንጀራችንን የምንበላው። ሱቃችን ለገሃር አካባቢ ነው። ከደንበኞቻችን አብዛኞቹ ጨው የሌለው ውኃ ገንዳ ያላቸው ናቸው። የባሕር ገንዳ፣ ያውም ኮራል (አንድ ቦታ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ያለበት፣ በቤቱ ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። ከእነዚህ አንዷ ስታዲየም አካባቢ አፓርታማ ላይ የሚኖሩ እናት ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ 300 ሊትር ገንዳ አለ፤ ውስጡ ሁለት ክላውንፊሽ፣ ማለትም አኒሞን በምትባል የባሕር ፍጥረት ውስጥ መጠለል የሚወዱ ትናንሽ ዓሦች፣ እና ጥቂት ኮራል።

አንድ ጊዜ ዕቃ በገባ ማግስት ሱቅ መጡ። ዓይናቸው ወዲያው አበባ የምትመስለው ቢጫዋ አኒሞን ላይ አረፈ። ላኪው ያላዘዝነውን ቀላቅሎ የላካት ናት። ቢጫ ስል የሎሚ ቢጫ ነው፤ ከእግሯ እስከ ጫፏ አንድ ዓይነት። አጠገቧ ቡናማ፣ ደብዘዝ ያለች፣ በብል ቲፕ የምትባል የአኒሞን ዝርያ አለች።

«ይቺን አዘጋጁልኝ።»

«እትዬ፣ እሷን አልሸጥልዎትም» አላቸው አለቃዬ።

ክው አልኩ። ገበያው ቀዝቅዞ ነበር፤ ደግሞ ብር ይዞ የመጣ ሰው ይመለሳል እንዴ?

አለቃዬ ግን ድርቅ አለ። አኒሞን እንስሳ ናት። ሥጋዋ ውስጥ በዓይን የማይታይ፣ ተክል መሰል አልጌ ይኖራል፤ ከብርሃን ምግብ ሠርቶ ያበላታል። ቡናማው ቀለም የእሱ ነው። አኒሞኗ ስትጎዳ አልጌውን ታስወጣና ነጭ ትሆናለች። ነጯን አንዳንድ ነጋዴ ቀለም ይነክራትና ቢጫ፣ ሲያሻው ሐምራዊ አድርጎ ይሸጣታል። እንዲህ ደማቅ ሆና የምትታየው እየተራበች ነው ማለት ነው።

«እሺ፣ እንግዲያው ያን ትልቁን፣ ምንጣፍ የሚመስለውን አምጡልኝ» አሉ፤ ስልካቸው ላይ ፎቶ አላቸው። ካርፔት አኒሞን ነው። እሱ ደግሞ ሲያድግ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሰፋል፤ ዓሣ ከነካው ይይዘውና ይውጠዋል። እንደ ዝርያው አሸዋ ላይ መደላደል የሚፈልግም አለ፤ የእሳቸው ገንዳ በድንጋይ የተሞላ ነው። አለቃዬ ይህንንም እምቢ አለ። ቡናማዋን አሳያቸው። ፊታቸውን አጨፈገጉ። «በገዛ ብሬ!» ብለው ወጡ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ማታ ስልክ ተደወለ። ቢጫ አኒሞን ከሌላ ቦታ አግኝተው ገዝተው ኖሯል። ሌሊት ሌሊት ገንዳው ውስጥ ስትንቀሳቀስ ከርማለች፤ ቦታው ያልተመቻት አኒሞን ትሄዳለች፣ በምታልፍበት ኮራል ታቃጥላለች። የዚያን ቀን መብራት ሄዶ ፓምፑ ቆመ። እሷም ሄዳ መሳቢያው ላይ፣ ፓምፑ ውኃ በሚስብበት ቀዳዳ ላይ፣ ተለጠፈች። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ፈጫት።

እኛ ስንደርስ መብራቱ እንደገና ሄዷል፤ ሊፍቱ አይሠራም። በቅይጥ ጨው ያዘጋጀነውን ውኃ በጄሪካን ተሸክመን ደረጃውን ወጣን። ሽታው ከበር ነው የተቀበለን። ውኃው አጓት መስሏል። የፓምፑን ክዳን ስፈታ ቁርጥራጩ ማዞሪያው ላይ ተጠምጥሟል፤ ቢጫው ከሥሩ ለቆ ነጭ ሆኗል። ዓሦቹ ከላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ይጠባሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ፓምፕ ሲቆም ያለን ጊዜ አጭር ነው።

ሴትዮዋ አለቃዬን «አላልኩም ወይ በለኛ!» አሉት።

«እትዬ፣ ባትሪውን ወደዚህ ያብሩልኝ» አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ ብሆን እላቸው ነበር።

ግማሹን ውኃ ቀየርን፣ የከሰል ማጣሪያ ጨመርን፣ የባትሪ አየር መንፊያ አስገባን። ክላውንፊሾቹ ተረፉ። ኮራሎቹ ግን ሁሉም አልተረፉም።

ውኃው እስኪረጋጋ ወራት ወሰደ። ከዚያ ራሳቸው መጥተው ቡናማዋን ጠየቁ። ያቺ የመጀመሪያዋ ተሸጣ ነበር፤ ሌላ ስትመጣ አለቃዬ እሳቸው ፊት መረመራት። አፏ ግጥም ብሏል፤ አፍ ከፍታ የምትውል አኒሞን አትገዛም። እግሯ አልተቀደደም፤ ከመስታወት ላይ በጥድፊያ ሲያላቅቋት ብዙ ጊዜ የሚቀደደው እሱ ነው። ጓንት በለበሰ ጣቱ ሲነካት ያዝ አደረገችው። የፓምፑን መሳቢያ በስፖንጅ ሸፈንን፣ ለመብራት መጥፋት ትንሽ ባትሪ ገጠምን። ጨዋማነቱ 1.025 (ውኃው ከንጹሕ ውኃ አንጻር ያለው ክብደት)፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ። ገብታ እግሯን ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከተተች፤ እዚያው ቀረች።

ሴትዮዋ እንደገና ደወሉ። «ዓሦቹ ዞር ብለውም አላዩዋት! ሂተሩ ሥር ነው የሚያድሩት። ቀይሩልኝ።»

እውነታቸውን ነው። የእሳቸው ዓይነት ክላውንፊሽ በተፈጥሮው ከበብል ቲፕ ጋር አይኖርም፤ ገንዳ ውስጥ ብዙዎቹ ይለምዷታል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይጠጋትም። የእኛው ቀይ ባሕር ክላውንፊሽ ቢሆን ኖሮ እዚያው ባሕሩ ውስጥም አብሯት ይኖራል። ይህንን አለቃዬ ሲሸጥላቸው ነግሯቸዋል፤ እኔ ምስክር ነኝ። አሁን ደረሰኛችን ግርጌ አንድ መስመር አስጨምሯል፦ ዓሣው አኒሞኗ ውስጥ አልገባም ተብሎ ዕቃ አይመለስም።